ብርድ የበዛበት ይወስናል

በፊንላንድ፣ በኦውሉ ከተማ፣ ራውሃ ካርፒነንን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ገና ሕፃን ነው፣ ወይ መጽሐፍ አያነብም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የመጽሐፍ አውቶቡሱን የምትነዳው እሷ ነበረች። ውስጡ እስከ ጣሪያው መደርደሪያ የሆነውን ያን ረጅም መኪና ይዛ ገጠር ለገጠር ስትዞር፣ ሰው በየመንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ያነበበውን መልሶ ያላነበበውን ይወስዳል፤ መሀል ላይ ደግሞ የሰፈሩን ወሬ ያወርድላታል። አንድ ኮስታራ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ የፍቅር ልብወለድ ካላነበቡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ራውሃ ስለ ዓሣ ማጥመድ በተጻፈ መጽሐፍ ልባስ እየሸፈነች ትሰጣቸው ነበር። አንድ ቀን ግን ነገሩን ገለበጠችው። ከላይ የሚሳሳሙ ጥንዶች፣ ከውስጥ የመረብ አጠጋገን አድርጋ ሚስታቸው ፊት አስረከበቻቸው።

«ብዙ ጊዜ አኮረፉኝ» ትላለች፤ «ዓሣ ማጥመዱን ግን ተማሩ።»

እኔ ከእሷ አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ ነው የምኖረው። ሐሙስ ሐሙስ በሕንፃችን የእንፋሎት መታጠቢያ፣ በሳውናው፣ የሴቶች ተራ ስለሆነ፣ ከላይኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የማትነግረኝ ነገር የለም። ይሄኛውን ግን ከአፏ አልሰማሁትም፤ ምስክር ሆኜ ሄጄ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ምስክር ያስፈለገው እንዲህ ነው። ካርፒነኖች ሦስት ናቸው፤ ትልቋ ሂልካ ካያኒ ትኖራለች፣ መካከለኛዋ ራውሃ እኛ ጋ ኦውሉ ናት፣ ትንሹ ታይስቶ ኩሳሞ ነው። ከወላጆቻቸው የቀረቻቸው ሐይቅ ዳር ያለች አንዲት ጎጆና ከጎኗ ያለችው የእንጨት ሳውና ብቻ ናት። ሦስቱም በያመቱ ስለ እሷ ይጣላሉ። አባታቸው በሕይወት ሳሉ ጭቅጭቁ ቢሰለቻቸው አንድ ሕግ አወጡ። ታላቁ ውርጭ ሲገባ ሦስቱም በአንድ ጠዋት፣ ገና ቡና ሳይቀምሱ፣ ባደሩበት ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ቴርሞሜትር ያነባሉ፤ ዘመድ ያልሆነ ሰው አብሯቸው ያያል። ብርድ የበዛበት የዚያን ዓመት ጠብ ይወስናል። «በብርዱ ወራት የተጎዳ በበጋው ይካስ» ነበር ያሉት ሽማግሌው። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ሕጋቸው ግን እስካሁን አለ።

ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ታይስቶ ነው። ኩሳሞ ብርድ ሞልቷታል። ኦውሉ ግን ባሕር ዳር ስለሆነች ራውሃ በዕድሜዋ ያሸነፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም የጉድጓድ ሽንት ቤቱን በር ሮዝ አስቀባችው።

ዘንድሮ ያ ታላቁ ውርጭ ገባ። በዚያ ሳምንት ራዲዮው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሄልሲንኪ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ሲደርስ ባቡር ዘገየ ብለው አለቀሱ፤ እኛ ሳቅንባቸው። ኦውሉ ሃያ ዘጠኝ ሆነ፤ አየር ወደ ውስጥ ስትስብ አፍንጫህ ውስጥ ያለው ጸጉር እንደ ሽቦ ይደርቃል፣ በረዶው ከጫማህ ሥር እንደ አዲስ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። የካያኒ ሰዎች ሠላሳ አምስት ላይ ስለነበሩ በእኛ ሳቁ። ኩሳሞ ሠላሳ ሰባት ነበር፤ እነሱ በሁላችንም ሳቁ። እዚህ አገር እንዲህ ነው፤ ወደ ሰሜን በሄድክ ቁጥር ብርዱ ይጨምራል፣ ንቀቱም አብሮ ይጨምራል። ምድር ቤት ያለው ጎረቤታችን ሱሪውን ግቢ ውስጥ አስጥቶ ረሳው። በማግስቱ ሱሪው እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ደርቆ ነበር። ራውሃ በረዶ ላይ ተከለችው፣ ከላዩ ካፖርት ደረበችለት፣ ባርኔጣም ደፋችለት። ፖስተኛዋ ስታልፍ ሰላም አለችው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ራውሃ ወጥ ቤት ሄል የገባበት ዳቦ እየበላን ሳለ ታይስቶ ደወለ።

«ስንት ነው አንተ ጋ?» አለችው።

«ሠላሳ ሰባት። አንቺስ? የዋና ልብስሽን ለብሰሽ በረንዳ ላይ ነሽ?»

«አዎ፣ ጀርባዬን ቅባት የሚቀባኝ አጥቼ ነው።»

«በይ ሙቂ፣ ሙቂ። ከነገ ወዲያ ጠዋት እናንብብ። ከዚያ የሳውናውን ምድጃ አስነቅላለሁ፤ የኤሌክትሪኩን መርጫለሁ። ያ አሮጌው ተሰንጥቋል። አዲሱ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ እዚህ ኩሳሞ ሆኜ በስልክ አሞቀዋለሁ።»

«ሳውና በስልክ! ልጅም በስልክ ትወልድ ነበራ!»

ስልኩን ስትዘጋው ግን ሳቋ አብሮ ጠፋ። ዳቦዋን አስቀመጠች።

«ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያንን ምድጃ የማነደው እኔ ነኝ» አለች። «ሂልካ ውኃ ትቀዳለች፣ ታይስቶ እንጨት ይጥላል፣ እኔ እሳት አያይዛለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጨለማውን ወር የምገፋው ያቺን የሰኔ ክብሪት እያሰብኩ ነው። ቁልፍ ከሆነ እኔ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ? እንግዳ ሆኜ ልቀመጥ?»

ባሕሩ እንደሆነ የፈለገው ቢመጣ ኦውሉን ሠላሳ ሰባት አያስገባትም።

ዓይኗ ቀስ እያለ ሲጠብ አየሁ። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ለሱሪው ባርኔጣ ያወጣው ዓይን ነው።

«ጎረቤት» አለችኝ፣ «ሕጉ ምን ይላል? በምትኖሩበት ቤት ይላል?»

«ባደራችሁበት ነው ያልሽኝ።»

«ባደራችሁበት!» ብድግ አለች። «ነገ ናሩስካ እናድራለን። ወፍራሙን ካልሲሽን ያዢ።»

ናሩስካ ከኩሳሞ በስተሰሜን፣ ከሳላ ከተማ ማዶ፣ ወደ ሩሲያ ድንበር የተጠጋ ሸለቆ ነው። ብርድ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። ራውሃ በመጽሐፍ አውቶቡስ ዘመኗ የምታውቃት ኤልሲ የምትባል መበለት እዚያ ጎጆ ታከራያለች።

በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። መንገዱ ነጭ፣ ዛፉ ነጭ፣ ሰማዩ ሐምራዊ ነው። የጭስ ማውጫው ሁሉ ጭሱን እንደ ክር ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይሰድዳል፤ ነፋስ የሚባል የለም። ኩሳሞን ስናልፍ ራውሃ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ወንበሩ ላይ ዝቅ አለች፤ እየነዳች ማለት ነው።

«እንዳያየኝ» አለች።

«ቤቱ እኮ ኮረብታው ላይ ነው።»

«ነው እንጂ። ለእይታ ብሎ ሠራው። አየሽ፣ እንዲህ ያለ ውርጭ ሲመጣ ኮረብታ ይሞቃል፣ ሸለቆ ይበርዳል። ሠላሳ ሰባት ያለኝ ውሸቱን ነው፤ ከሠላሳ አንድ ካለፈ ምን አለች በይኝ!»

እየሳቀች ናሩስካ ገባን። ኤልሲ ግቢ ውስጥ፣ ሌሊት ሞተሩ እንዳይበርድ መኪና በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሰካበት ግንድ ጋ ስንደርስ ሳቋ ቆመ። ባለ ሁለት ሶኬት ነው፤ አንዱ ተይዟል። የያዘው የታይስቶ መኪና ነበር።

ታይስቶ ራሱ በኤልሲ ወጥ ቤት መስኮት የሳልሞን ሾርባ ማንኪያ እንደያዘ አፈጠጠብን። ገብተን በሩን ሳንዘጋ ጀመሩ።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንተስ? የሠላሳ ሰባቱ ሰውዬ! ቤትህ ሞቆህ ነው?»

«ኤልሲን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«እኔን?» አለች ኤልሲ ዳቦ እየቆረጠች። «ስሜን የጠየቅከኝ አሁን ነው።»

ገና ካፖርታችንን ሳናወልቅ ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ሂልካ ናት። ውርጩ በሽበቷ ላይ ሌላ ሽበት ደርቦባት፣ ትራስ ታቅፋ ገባች። ሦስቱም ተያዩ። በሰባ ዓመት ዙሪያ ያሉ ሦስት ሰዎች ስኳር ሲሰርቁ የተያዙ ሕፃናት መሰሉ።

«የአባታችን ጎጆ ውስጥ ባለ ውኃ ሽንት ቤት እፈልጋለሁ» አለች ሂልካ ማንም ሳይጠይቃት። «ጉልበቴ ያንን ሮዝ በር ፍለጋ በረዶ መርገጥ ሰልችቶታል።»

«በበጋ በረዶ የለም» አለ ታይስቶ።

«ትንኝ አለ።»

እራት እየበላን ሂልካ ሌላ ነገር አነሣች፤ ሶኬቱ ሁለት ነው፣ ሁለተኛውን እኛ ይዘነዋል፣ የእሷ መኪና ሞተር ሳይሞቅ ካደረ ጠዋት ድንጋይ ነው። ታይስቶ ሾርባውን እየጠጣ «ቀድሞ የመጣ ይሰካል» አለ። ሂልካ ለታላቅነቷ እንኳ ክብር እንደሌለ ተናገረች። ራውሃ ግን፣ ያቺ ራውሃ፣ እንደ መልአክ ለስለስ ብላ፦

«አይዞሽ ሂልኬ፣ እኔ አስተካክልልሻለሁ» አለችና ካፖርቷን ደርባ ወጣች።

በመስኮቱ አየኋት። ከተሰኩት ሁለት ገመዶች አንዱን ነቅላ የሂልካን ሰካችበት። የነቀለችው የራሷን አልነበረም።

ተመልሳ ስትገባ ጉንጯ ቀልቷል፤ ሂልካ ተነሥታ አቀፈቻት። «ከዚህ ቤት ልብ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አለች። ራውሃ ዓይኗን ሰበር አደረገች። እኔ ሾርባዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ጠዋት ሦስቱም ቡና ሳይቀምሱ በኤልሲ ግድግዳ ላይ ያለችው አንዲት ቴርሞሜትር ፊት ተሰለፉ። ጫካው ውስጥ ዛፍ በውርጭ ሲሰነጠቅ እንደ ጥይት ይጮሃል። ከዜሮ በታች አርባ ሁለት። ኤልሲና እኔ አይተናል፣ መስክረናል።

«እኔ አሸነፍኩ» አሉ ሦስቱም።

ከዚያ የሆነውን ጭቅጭቅ ልዘርዝረው ብል ወረቀት አይበቃኝም። ታይስቶ «የኔ አልጋ ለመለኪያው ይቀርባል» አለ። ሂልካ «መስኮቴን ከፍቼ ነው ያደርኩት፣ እኔ በርዶኛል» አለች። ራውሃ «ካልሲዬን አውልቄ ነው የተኛሁት» አለች፤ ይሄ ውሸት ነው፣ አንድ ክፍል ነው ያደርነው። ኤልሲ ሰለቻት።

«ወይ ግቡ ወይ ሂዱ» አለች፤ «ቤቴን አበረዳችሁት።»

ታይስቶ መሄዱን መረጠ። «አቻ ከሆነ ሕጉ አይሠራም፤ ምድጃውን ዛሬውኑ እገዛዋለሁ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አቃሰተ። ደግሞ ሲያዞረው ማቃሰቱንም ተወው። ወርዶ ሲያይ ገመዱ በረዶው ላይ ተጋድሟል።

«ማን ነው የነቀለው?»

«ነፋስ ይሆናል» አለች ራውሃ።

«በአርባ ሁለት ዲግሪ ምን ነፋስ አለ!»

«እንግዲህ ተንቀጥቅጦ ወጥቶ ይሆናል።» ከመኪናዋ የባትሪ ማስነሻ ገመዷን አውጥታ እንደ ዓሣ አጥማጅ በጣቷ ላይ አወዛወዘችው። «ከእኔ ባትሪ አስነሣሃለሁ። ምድጃው ባለበት ይቀመጥ በል፤ ጎረቤቴ ዘመድ አይደለችም፣ ትሰማለች።»

«ይሄ ዝርፊያ ነው! ከአንቺ አንዲት ብልጭታ አልቀበልም!»

ሂልካ ደግሞ የማን ሶኬት ላይ እንዳደረች ያን ጊዜ ገባት፤ አፏን በጓንቷ ያዘች። ልታሳፍራት ነው ብዬ ስጠብቅ «እኔ ምንም አላየሁም» አለችና የራሷን መኪና አስነሥታ እያሞቀች ተቀመጠች።

የካርፒነን ልጅ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ታይስቶ የሞተሩን ገመድ መልሶ ሰካ። ባትሪውን ግን ብርዱ ገድሎታል። በቆፈነ ጣት ፈትቶ አወጣው፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጥ ቤት አስገባውና ዞር ዞር ብሎ ሙቀት ያለበትን ቦታ ፈለገ። አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ከኤልሲ ትልቅ የእንጨት ምድጃ አጠገብ፣ በወንበር ላይ አስቀመጠው፤ እሱም አጠገቡ ቁጭ አለ።

ራውሃ ገባች። ከእንጨት ቅርጫቱ ጎን ተንበረከከች፤ አመዱን ጠረገች፣ የበርች ዛፍ ልጣጭ ላጠች፣ ፍሙን ቀሰቀሰች፣ ሁለት ፍልጥ አግድም ደረደረች። ሲሠራ ያደገ እጅ ምን ዓይነት ፍጥነት አለው! እሳቱ ተነሣ።

«ይሄ ምድጃ ከሟቹ ባሌ ይሻላል» አለች ኤልሲ። «ሲሞቅ አያወራም።»

ታይስቶ የራውሃን እጅ ያያል። ብዙ ቆየ።

«ምን ያስቅሻል?» አላት በመጨረሻ።

«ማን ሳቀ? እንጨት እያቀበልኩ ነው።»

«ዓይንሽ ይስቃል።»

«ጭሱ ነው።»

ቡናው ተፈላ፣ ተጠጣ፣ ደግሞ ተፈላ። ታይስቶ ባትሪውን በእጁ ዳሰሰው፤ ለብ ብሏል። የራሱንም እጅ ከእሳቱ በላይ ዘርግቶ ቆየ፤ ለባትሪ ሲባል አልነበረም። ከዚያ ባትሪውን ታቅፎ ተነሣና በሩ ጋ ሲደርስ፣ ፊቱን ወደ እኛ ሳያዞር፦

«ኩሳሞ አንድ በያጅ አለ» አለ፤ «የተሰነጠቀ ምድጃ ይበይዳል። ጎበዝ ነው።»

ራውሃ እጇ ላይ ያለውን ፍልጥ እንደያዘች ቀረች።

«ስንጥቁ ከጎኑ ነው» አለች ቀስ ብላ፣ «ከበሩ በላይ።»

«አውቃለሁ፤ እንጨት ስጥልልሽ የኖርኩት እኔ አይደለሁ?»

ሂልካ ያን ጊዜ ከውጭ ጭንቅላቷን አስገባች፤ መኪናዋ ሞቆላት ፊቷ ቀልቷል።

«እሺ፣ ምድጃው ካለቀ፣ የኔ ሽንት ቤትስ?»

ሁለቱም ባንድ አፍ ዞሩባት፦

«በሩን ዝጊ! ብርድ አስገባሽ!»