ለአንድ ልጅ የተከፈተ ብልቃጥ

የጤና ጣቢያችን ሲስተር ወላጆችን ስታስተምር ድምጿ ከበር ውጭ ይሰማል። እኔ ዘበኛው እንኳ ትምህርቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሰሚ ግን የለም። አንዷ «መካን ያደርጋል አሉ» ትላለች፤ ሌላዋ «የኔ ልጅ እኮ ወፍራም ነው፣ ክትባት ምን ያደርግለታል?» ትላለች። ሲስተር ግንባሯን ይዛ «ኧረ በፈጣሪ!» ትልና እንደገና ከሀ ትጀምራለች። እኔ ብሆን ገና ድሮ ጥዬ ሄጃለሁ።

ከሁሉም ያንገበገባት የሰፈሩ አናጢ ነው። የመጀመሪያ ልጁን በተከተበ ማታ ቢያተኩሰው «ልትገድሉብኝ ነው!» ብሎ ግቢውን ቀወጠው። ሁለተኛውን ላያስከትብ ማለ፤ እህቱንም አሳመጸብን። ሲስተር ቤቱ ስትሄድ በሩን ከውስጥ ይቀረቅረዋል። እሷም በተዘጋው በር ላይ ትምህርቷን ጮኻ ጮኻ ትመለሳለች። ይባስ ብሎ ዘንድሮ ሰፈሩ ውስጥ ኩፍኝ ገባ።

አንድ ዝናባማ ጠዋት የአናጢው ሚስት ሕፃኑን በሻርፕ ሸፍና መጣች። ከእሷ በቀር አንድም እናት ዝር አላለችም።

«ሥራ ሄዶልኝ ነው» አለች እያለከለከች። «ቶሎ ውጊልኝ።»

የኩፍኙ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው። አንዴ ተከፍቶ ከተበጠበጠ አያድርም፣ የተረፈው ይደፋል። አለቃችን ሴትየዋን ገና ሲያያት «ለአንድ ልጅ አይከፈትም፤ ሐሙስ ከሌሎቹ ጋር ትምጣ» አለ።

«ሐሙስ እሱ ቤት ነው የሚውለው» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

የሲስተር ደም ፈላ። «ኑ ኑ እያልኩ ጉሮሮዬ ሲሰነጠቅ ከርሜ የመጣችውን ልመልሳት?» ብላ ብልቃጡን ከፈተችው፤ ሕፃኑንም ወጋችው።

«የቀረው ሲደፋ ማን ሊጠየቅ ነው?» አለ አለቃ።

«ማን ይደፋል አለ? ጋሼ፣ ሳጥኑን ያዙልኝ!»

በረዶ የተሞላውን የክትባት ሳጥን ተሸክሜ በጭቃው ተከተልኳት። የአናጢው ሚስትም «ያልተከተቡትን እኔ አውቃለሁ» ብላ ፊት ፊት ትመራን ጀመር። በየደጁ ሲስተር አፏን ሳትከፍት ሴትየዋ ትቀድማታለች፦ «በዚህኛው ክትባት ከሳምንት በኋላ ትንሽ ሊያተኩሰው ይችላል፤ አትደንግጪ። ከባሰበት ይዘሽው ነይ።» ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ከበሩ ጀርባ ሆና ትሰማ ኖሯል! ልሳቅ ወይስ ልናደድ ግራ ገባኝ።

መጨረሻ የደረስነው የአናጢው እህት ቤት ነው። ልጇን ከኋላዋ ደበቀችው።

«ወንድሜ እንዳታስወጊ ብሎኛል። ይዘሻቸው መምጣትሽን ቢሰማ አንቺንም አይምርሽም።»

የአናጢው ሚስት ሻርፑን ገለጥ አድርጋ የሕፃኑን ክንድ አሳየቻት። «ዛሬ መጀመሪያ የተወጋው የሱ ልጅ ነው። ማታ ራሴ እነግረዋለሁ። አሁን ያንቺን አምጪው፤ መድኃኒቱ ሊደፋ ነው።»

እህቲቱ ልጇን ከኋላዋ አወጣችው። ሲስተርም መርፌዋን አዘጋጀች፤ ያን ቀን የምታስተምረው ነገር አልቀራትም።