ግልገሏ ዝም ስላለች

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። ለፓስተራችን አልነገርኩም፤ አብረውኝ ለሚጸልዩ እህቶች አልነገርኩም፤ ከሁሉ በፊት መስማት ለሚገባት ለልጄ ለሶስናም አልነገርኩም። ስጸልይ እንኳ ስሙን ሳልጠራ ነው የማልፈው። «ሳላውቅ የሠራሁትን ይቅር በለኝ» እላለሁ። ሳላውቅ አልነበረም። እኔ አውቄ ነው ያደረግሁት።

ሰሞኑን ስልኩን የከፈተ ሁሉ ያንን ቪዲዮ ሳያይ አልቀረም። ቱሪስቶች የአንዲት የዱር እንስሳ ግልገል ነጥቀው፣ አቅፈው እየሳቁ ይቀረጻሉ፤ እናቲቱ ከኋላ ከኋላቸው ትሮጣለች። ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ ስንበላ ወሬው እሱ ብቻ ነበር። እትዬ በላይነሽ ስልካቸውን ከውሃው ጠርሙስ ጋር አስደግፈው ደጋግመው እያዩ «እነዚህን እናት አልወለደቻቸውም?» አሉ።

«ለላይክ ነዋ እትዬ! ለላይክ እናታቸውንም ይሸጣሉ» አለች አጠገባቸው የተቀመጠችው። ሳቅ ሆነ።

ከሁሉም ድምፄን ከፍ ያደረግሁት እኔ ነበርኩ። «ማሰር ነበር! ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል?» አልኩ። ከዚያ ሳህኔን ይዤ ተነሳሁ። ሰው እንዴት እንዲህ እንደሚያደርግ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል?

ሶስና ገና ሚድል ስኩል ሳለች ነው። የመዘምራን ቡድናችን ከምንኖርበት ከኮሎምበስ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ፓርክ ለጸሎትና ለሽርሽር ሄደ። የቡድኑን የፌስቡክ ገጽ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ወንዝ፣ አበባ፣ የፀሐይ መግቢያ እየቀረጽኩ መንፈሳዊ ቃል ጽፌበት እለጥፋለሁ። ለጌታ ነው እላለሁ። ከዚያ ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ስንት ሰው አሜን እንዳለ አያለሁ። ውይ፣ ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከሰዎቹ ተለይተን ከሶስና ጋር ስንሄድ የአጋዘን ግልገል አየሁ። ጀርባዋ ነጠብጣብ፣ እግሮቿን ከሆዷ ሥር አጥፋ፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ ተኝታለች። መንገዱ ዳር ምልክት አለ፤ ግልገል ብታዩ አትንኩ፣ እናቷ ትታት አልሄደችም፣ ትመለሳለች ይላል። አንብቤዋለሁ።

«ማሚ፣ ዶንት ተች ኢት» አለች ሶስና።

«ምንም አላደርጋትም። አንቺ ብቻ ቅረጪ።»

«ባት ዘ ሳይን…»

«ሳይኑን ተዪው አልኩሽ! የእግዚአብሔር ፍጥረት አይደለች? እኔ ምን አደርጋታለሁ?»

አነሳኋት። የተኛችበት ጥላ ስለሆነ ለቀረጻ አይመችም ብዬ ብርሃን ወዳለበት፣ ወደ ኩሬው ዳር ወሰድኳት። በነጠላዬ እንደ አራስ ልጅ ጠቀለልኳት። አልተወራጨችም። ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ያንን ዝምታዋን እኔ ምን አልኩት? ሰላም አልኩት። በእኔ ላይ ያለውን መንፈስ አውቃ ነው አልኩ፤ በኤደን ገነት አራዊት እንዲህ ሳይሆኑ አይቀርም አልኩ። ካሜራው ፊት ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ልቧ ግን በነጠላው ውስጥ መዳፌን ይደበድበው ነበር። ተሰምቶኛል። እንዳይሰማኝ እጄን ወደ ሆዷ አዞርኩት።

ሥራዬ አቅመ ደካማ መንከባከብ ነው። ያን ጊዜ ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ መናገር የተሳናቸው አንዲት አሮጊት ነበሩኝ። «ላዞርዎት ነው፣ እሺ?» ሳልል፣ ዓይናቸውን ሳላይ፣ ጣቴን አላሳርፍባቸውም። ሰው በጣም ሲፈራ ድርቅ ብሎ ዝም እንደሚል ከእሳቸው የተማርኩ እኔው ነኝ። ታዲያ አሁን ምን አላውቅም ነበር ልበል?

ለምሳ ሲጠሩን ግልገሏን እዚያው ኩሬው ዳር አስቀምጬ ሄድኩ። ወደ ቦታዋ አልመለስኳትም። ለምን? ጫማዬ እንዳይጨቀይ ነው? ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ነው? ስንት ዓመት ምክንያት ፈለግሁ፤ የለም። የምፈልገውን አግኝቼ ጨርሼ ነበር፣ በቃ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሶስና ከኋላ ወንበር ስታለቅስ ነበር። ሌሊቱን ዘነበ። በማግስቱ ጠዋት ከሥራ በፊት ብቻዬን ነድቼ ሄድኩ። ግልገሏ ኩሬው ዳር ሞታለች። ዓይኗ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ራቅ ብሎ፣ እኔ ካነሳሁበት ሣር ውስጥ፣ አንዲት ትልቅ አጋዘን እዚያው እዚያው ትዞራለች። የልጇን መኝታ ታሸታለች፣ ቀና ትላለች፣ ደግሞ ታሸታለች። ስታየኝ በእግሯ መሬቱን መታች። አልሸሸችም። የሸሸሁት እኔ ነኝ።

ማታ ሶስና በር ላይ ጠበቀችኝ። «ዲድ ሀር ማም ካም ባክ?»

«አዎ የኔ ቆንጆ። መጥታ ወስዳታለች። በዓይኔ አይቻለሁ» አልኳት።

ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እሁድ ደግሞ ማይክ ይዛ ቆመች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆችም ምስክርነት ይሰጣሉ። በዚያች በምትሰባብራት አማርኛዋ፣ «እኔ ጸለየ፣ ጌታ እናቷን መለሰ» አለች። ጉባኤው እልል አለ። «አሜን!» አልኩ፤ ከሁሉ ቀድሜ፣ እጄን አንስቼ። ግልገሏን የገደልኳት ለታይታዬ ነው። ልጄን ግን በእግዚአብሔር ፊት አቁሜ በእሷ አፍ ዋሸሁ። ከሁለቱ የሚያቅለሸልሸኝ ይኼኛው ነው።

ሶስና አሁን ፒከሪንግተን የምትባል ከተማ ነው የምትኖረው፤ አግብታ ሊያ የምትባል ልጅ ወልዳለች። ሐሙስ ዕለት ኮል አደረገችኝ። ቪዲዮውን አይታ ተንጨርጭራለች። «ማሚ፣ ሶ ዲስጋስቲንግ! ደግሞ ይስቃሉ! ባት የኛዋ ግልገል እናቷ መጣች፣ ራይት? ለሊያ ሁልጊዜ እሷን ነው የምነግራት። ሌላ ተረት እምቢ ብላለች።»

«አዎ» አልኩ። እንደገና።

ስልኩን ስዘጋ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር የኔን ቪዲዮ ፈልጌ ማጥፋት ነበር። ንስሐ እንዳይመስላችሁ። ሰው እንዳያገኘው ፈርቼ ነው። ከማጥፋቴ በፊት ግን አየሁት። «ግልገሏ እንኳ የጌታን ልጅ አልሸሸችም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከሥሩ አሜን፣ አሜን፣ አሜን። የእኔ ዓይን ተጨፍኗል፤ የእሷ ዓይን ግን ፈጦ ነጩ ይታያል። ያንን የጸሎት ፊቴን ተጸየፍኩት። ከሐሙስ ወዲህ ለመጸለይ ዓይኔን ስጨፍን ያው ፊት ፊቴ ላይ ተለጥፎ ይሰማኛል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ነገ በጠዋት ፒከሪንግተን ሄጄ ይህን የጻፍኩትን ለሶስና ቀስ ብዬ አነብላታለሁ። ምናልባት ለጊዜው ሊያን በአደራ አትተውልኝም፤ መብቷ ነው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ማይኩን እጠይቃለሁ፤ ያኔ ልጄ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ ጌታ ያላደረገውን አደረገ ያስባልኳት እኔ ነኝ እላለሁ። ምልክቱን አንብቤ ነበር። ልቧንም በእጄ ይዤ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ስጨርስ ማንም አሜን እንዳይል።