የጋሽ ቀለበት ጭጋግ

ጋሽ ቀለበት ሌንሷን ወደ ባትሪው ብርሃን አስጠግተው ሲመለከቱ ጭጋጉ አሁንም ከቦታው አልተነቃነቀም። በጥጥ ጠርገዋል፤ በአልኮል ጠርገዋል፤ እንደገና ፈትተው ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አጥበዋል። ጭጋጉ ግን ጠግቦ እንደ ተኛ ድመት ተደላድሎ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ የሌንሷ ባለቤት፣ ፎቶ አንሺዋ፣ መጥታ ትወስዳታለች።

ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በእጅ የሚያተኩሩ የድሮ ሌንሶችን በመጠገን ነው፤ የእነዚህ ሌንሶች ነፍስ ደግሞ ምስሉ እስኪጠራ ጣት የሚያዞረው ቀለበት ነው። በእሳቸው ጉብዝና ዘመን ሌንስ የሚሠራው ከብረት፣ ከነሐስና ከብርጭቆ ነበር። አባት ለልጁ ያወርሰዋል። በኋላ ራሱ የሚያተኩር ካሜራ መጣና ቀለበት ማዞር የሽማግሌ ሥራ ተባለ። ሰው የአባቱን ሌንስ ለልጆች መጫወቻ ሰጠ፤ የባሰበትም ወረቀት እንዳይበርበት መጫኛ አደረገው። ጋሽ ቀለበት ያን ጊዜ ያሳለፉት የሰዓት ባትሪ እየቀየሩ ነው። ዘመን ዞሮ ደግሞ የድሮውን ሌንስ ከአዲሱ ካሜራ ጋር የሚያገናኝ ማያያዣ ተሠራ። ወጣቶቹም ያ የተናቀ ብርጭቆ የሰው ፊት ላይ ያለውን ብርሃን እንዴት አለስልሶ እንደሚያነሣ ባዩ ጊዜ የየቤታቸውን ሣጥን ማገላበጥ ያዙ። ከቤታቸው ደረጃ ሥር ያለችው ጠባብ ሱቃቸው እንደገና ሰው አየች።

ሌንስ ጠጋኝ ከሌባ ይልቅ የሚፈራው ብርጭቆውን ጭጋግ የሚያለብሰውን ሻጋታ ነው። ሻጋታ እንደ ሐሜት ነው፤ ካንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ድምፅ የለውም። ስለዚህ የታመመ ሌንስ ከጤነኛው ጋር አይቀመጥም።

ይህ ትዝ ሲላቸው ጋሽ ቀለበት ከወንበራቸው ተነሡ። ቁምሳጥኑን ከፈቱና አንድ መምህር ያስጠገነውን ሌንስ አውጥተው አዩ። ጭጋግ። ባሏ የሞተባት ሴት ያመጣችውን አዩ። ጭጋግ። ከወራት በፊት ጠርገው እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ ብለው ያስቀመጡትን አዩ። እሱም ያው ነው። የቁምሳጥኑን በር ተደገፉ። ያ ሁሉ የሰው አደራ ነው። አንዱ ሌንስ ተበላሸ ቢባል ይቅርታ ይጠየቃል፤ ቁምሳጥን ሙሉ ሲሻግት ግን በየትኛው ፊት ነው ከሰው ፊት የሚቆመው?

አንድ መላ ቀርቷቸዋል። ከመሳቢያው ሥር ማለስለሻ ዱቄት አለ። ሻጋታን ይፍቃል፤ ከሻጋታው ጋር ግን ለሥዕሉ ቀለም የሚሰጠውን ስስ ሽፋንም ይፍቃል፤ እሱ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ሞቷል ተብሎ ከተጣለ ሌንስ በቀር በዱቄቱ ነክተው አያውቁም። አሁን ግን ክዳኑን ከፈቱ።

ሚስታቸው ከበሩ ላይ፣ «ምሳ ቀርቧል ብዬ ስጣራ አትሰማም?» አሉ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የመለኪያ ሜትሩ ከአንገታቸው አይወርድም።

«ተይኝ እስቲ። ቁምሳጥኑ በሙሉ ሻግቷል።»

«ምኑ?»

«ሌንሱ ነዋ። አለቀልኝ። የሰው አደራ በላሁ።»

ሚስታቸው የፎቶ አንሺዋን ሌንስ አንሥተው ወደ መስኮቱ ዘረጉት።

«በጣትሽ እንዳትነኪው።»

«አልነካሁም። ሻጋታው የታለ?»

«መሐሉ ላይ። እንደ ወተት ያለው።»

«ወተት የለም። የጎረቤታችን የልብስ ማስጫ ገመድ ነው የሚታየኝ። ተዘቅዝቋል እንጂ ካልሲው ሳይቀር ይቆጠራል።»

«አንቺ ስለ ሌንስ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ሌንስ አላውቅም፤ አንተን ግን አውቅሃለሁ። ትናንት ሻይህን ከስኒው ውጪ ስትቀዳ ዝም ያልኩህ ለክብርህ ብዬ ነው። በል ቀኝ ዓይንህን ጨፍንና በግራው እይ።»

ጋሽ ቀለበት በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ብርጭቆ የሚያዩት በቀኝ ዓይናቸው ነበር። እየተቆጡ ጨፈኑት። ገመዱ ታያቸው፤ ካልሲውም ታያቸው። ብርጭቆው ጠርቷል። ግራውን ጨፍነው ቀኙን ሲከፍቱ ጭጋጉ ተመለሰ። ሌንሷን ዝቅ አድርገው በባዶ ቀኝ ዓይናቸው ሚስታቸውን አዩ። ጭጋጉ የሚስታቸው ፊት ላይ ነበር።

አደራው ተርፏል። እሳቸው ግን አልተደሰቱም። ፍርሃቱ ከቁምሳጥኑ ወጥቶ ወደ ራሳቸው ገባ። የዱቄቱን ክዳን ገጥመው ወደ መሳቢያው መለሱት።

ፎቶ አንሺዋ መጥታ ሌንሷን ካሜራዋ ላይ ገጠመች፤ ቀለበቱን አዙራ ሚስታቸውን ፎቶ አነሣቻቸው።

«ጋሼ፣ ምን አድርገዋት ነው? እንዲህ ጠርታ አታውቅም።» ከቦርሳዋ ሌላ አወጣች። «ይችንም ይዩልኝ።»

እጃቸው በልማድ ተዘረጋና መንገድ ላይ ቆመ።

«አልችልም፣ ልጄ። ዓይኔን ሞራ ሳይዘኝ አልቀረም።»

«እናቴንም ይዟት ነበር። የታመመውን አውጥተው አዲስ ሌንስ ተከሉላት።»

«ዓይኗ ውስጥ?»

«ዓይኗ ውስጥ።»

«ከምን የተሠራ?»

«ፕላስቲክ ነገር ነው መሰለኝ።»

ጋሽ ቀለበት የፕላስቲክ ሌንስ ሲሰድቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሳቃቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ያተኩራል?»

«የሩቁን ነው። ለቅርብ መነጽር ታደርጋለች።»

የእሳቸው እንጀራ ደግሞ ቅርብ ነው፤ ከአንድ ክንድ አይርቅም። በቀስታ፣ «ያማል?» አሉ።

«እናቴ የፈራሁትን ያህል አይደለም ብላለች» አለችና ሁለተኛዋን ሌንስ ወደ ቦርሳዋ ሳትመልስ ጠረጴዛው ላይ ተወችላቸው። «ሲሻልዎት ይሠሯታል። አልቸኩልም።»

እሷ ስትወጣ ጋሽ ቀለበት ያችንም ከሌሎቹ ጋር አስገቡና ቁምሳጥኑን ቆለፉ። ቁልፉን ለሚስታቸው ሰጡ።

«እስክታከም ድረስ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

«ብትቆጣስ?»

«እቆጣለሁ። አትስጪኝ።»