የአሚራና የሐረግ ትሪ

አሚራ ድሮ ደልደል ያለች ሴት ነበረች። መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስትለካ ክንዷ ከጣቃው ይወፍራል እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። የዚህ ከተማ ሰው ሲወድሽ «ወፈርሽ፣ ማሻ አላህ!» ይልሻል። «ከሳሽ» ካለሽ ግን ምን ደረሰብሽ ማለቱ ነው።

ከጎኗ በርበሬና ቅመም የምትሸጠው ሐረግም ውፍረቷ ከአሚራ የሚያንስ አልነበረም። አንዷ እስላም፣ አንዷ ክርስቲያን ስለሆኑ ሥጋ አብረው አይበሉም፤ ስለዚህ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ ምሳቸው ሽሮ ወይ ምስር ነው፣ በአንድ ትሪ። እየተጎራረሱ፣ ሰው እያሙ፣ ትሪው እስኪጠረግ ይበላሉ። ባሏ ከሞተና ልጇ ፈይዛ ደሴ ካገባች ወዲህ አሚራ ከሰው ጋር የምትበላው ያንን ምሳ ብቻ ነው።

ኋላ ቀኝ ጎኗን ይከብዳት፣ ድካም ይጥላት ጀመር። ወንድሟ ሃሩን አዲስ አበባ ወስዶ ቢያስመረምራት ጉበቷ ላይ ስብ ተጋግሯል፤ እንዲህ ከቀጠለ ጉበቱ ሥራውን ያቆማል ተባለ። ክብደት ልትቀንስ ብዙ ሞከረች፣ አልሆነላትም። በመጨረሻ ጥቂት በልታ እንድትጠግብ ጨጓራዋን ቆርጠው አሳነሱት። ወራት አልፈው ስትመለስ ቀሚሷ ውስጥ ሌላ ሰው የገባበት ይመስል ነበር።

ለጠየቃት ሁሉ «ጉበቴን አሞኝ ነው የተቀደድኩት» አለች። ምነው ዝም ባለች! በገበያው አፍ የጉበት በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ ያ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው፣ ከሰው ሰው የሚጋባው። የጠጣችበትን ብርጭቆ ለይተው ሲያጥቡ አየች። እሱንስ ቻለችው። ያልቻለችው፣ አንድ ቀን ሐረግ ምሳውን ለሁለት ሳህን ከፍላ ስታቀርብ ነው።

«ላንቺ ለስለስ ያለውን ለይቼልሽ ነው» አለች ሐረግ አንገቷን ደፍታ።

አሚራ አመስግና በላች። ጤነኛ መሆኗን ላሳይ ብላ አንድ ቀን እልህ ይዟት እንደ ድሮዋ ጎረሰች፤ ወዲያው ከሱቁ ጀርባ ሮጣ ሁሉንም አወጣችው። ቆሎ ሻጯ ይታይሽ አየቻትና ገበያው «አሚራስ አልቆላታል» ሲል ሰነበተ።

ከዚያ ወዲያ ተስፋዋን የጣለችው ደሴ ቀጠሮ በተሰጣት ምርመራ ላይ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ «ስቡ ጠፍቷል፣ ጉበትሽ ድኗል» ሲላት፣ አልሐምዱሊላህ ብላ አለቀሰች። ፈይዛ ሰንብቺ ብትላት አልሰማችም። በማግሥቱ በንጋት አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ወደ ሐረግ ሱቅ ሄደች።

«ድኛለሁ! ጉበቴ ነጻ ነው። ከእንግዲህ አብረን ብንበላ ምንም አይነካሽም።»

«ምን ይነካኛል?»

«ሳህን የለየሽው ፈርተሽኝ አይደል?»

«ዋ እኔን! አንቺን ፈርቼ?» ሐረግ በርጩማዋ ላይ ዘፍ አለች። «ወላሂ አትቆጪኝ፣ አሚራዬ። አፍሬ ነው። ሦስት አራቴ ጎረስ አድርገሽ እጅሽን ታነሺያለሽ፤ ከዚያ ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ። ትሪውን ብቻዬን ስጠርገው የራሴ ሆድ አስጠላኝ።»

ፍርሃት ቢሆን የሐኪሙ ቃል ይበቃው ነበር። ይህ እፍረት ግን ከመዳኗ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ የተቆረጠ ጨጓራ ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም።

በማግሥቱ አሚራ ራሷ ምስር ሠርታ ሱቋ ውስጥ በአንድ ትሪ አቀረበች። ጥቂት ጎርሳ ጠገበች። እጇን ግን አላነሳችም፤ እየጠቀለለች ሐረግን ታጎርሳት ጀመር።

«አፈር ስሆን፣ እቺን ብቻ።»

ሐረግ ጎረሰች። ደገመች። ቀጥሎ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«በቃኝ እህቴ፣ ጠገብኩ።»

ሐረግ በዚህች ጠግባ አታውቅም፤ አሚራም ይህን ታውቃለች። ትሪው ገና ከግማሽ በላይ እንደሞላ ነው። ሁለቱም እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ሐረግ «ገዢ መጣብኝ መሰለኝ» ብላ ተነሥታ ወደ ሱቋ ሄደች። አሚራ ቀና ብላ አየች፤ የሐረግ ደጃፍ ላይ ማንም አልነበረም።