ቤቱን የሚለዋውጥ ከርነል

በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ ከፍልሰታ ጾም መያዣ እስከ ጳጉሜን፣ ደብረ ታቦር በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከዐሥራ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ጋር ስጨቃጨቅ ከረምሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤና ነበረኝ። ትዕግሥት ግን አልነበረኝም።

ኮምፒውተሮቹ በእርዳታ የመጡ ናቸው። ከባድ ነገር አይችሉም፤ ስለዚህ ከርነሉን፣ ማለትም ከሥር ሆኖ ሁሉን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ቀንሼና አቅልዬ ራሴ አዘጋጀሁላቸው። ይነሣሉ፣ ጥቂት ይሠራሉ፣ ከዚያ ስክሪኑ በቁጥር ይሞላና ቀጥ ይላሉ። ርዕሰ መምህሩ በፊት ተማሪዬ ነበር። በትሕትና ይናገራል፤ ነገሩ ግን አይታጠፍም።

«እትዬ፣ እስከ ጳጉሜን አራት እታገሣለሁ። ካልሆነ ሣጥኖቹ ዕቃ ቤት ይግቡና ክፍሉን ለዘጠነኛዎች ልስጠው። ልጆቹ እኮ ተደራርበው ነው የሚቀመጡት።»

እውነቱን ነው። ነገር ግን ዕቃ ቤት የገባ ዕቃ ተመልሶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ከገሳይ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ኮምፒውተር የሚነኩት በዚያች ክፍል ብቻ ነው። የእኔም ልጅ በመስከረም ትገባለች።

ኮምፒውተሩ ሲወድቅ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር አድራሻ ነው፤ ከርነሉ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ የቱ ጋ ሳለ እንደተሰናከለ ይናገራል። እኔ ደግሞ ከርነሉን ሳዘጋጅ የወጣ ዝርዝር አለኝ፤ እያንዳንዱ ክፍል ከየትኛው አድራሻ እንደሚጀምር የተጻፈበት። ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር ካመሳከሩ ጥፋተኛው ይታወቃል። ኮሌጅ የተማርነው እንዲህ ነበር።

ቁጥሩ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጭራሽ የለም። ስክሪኑን ሙሉውን በደብተር ገለበጥሁ። አባቴ መርጌታ ናቸው፤ ልጅ ሳለሁ ዳዊት ሲያስገለብጡኝ አንዲት ነጥብ ብዘልል ገጹን እንደገና ያስጽፉኝ ነበርና አሳጥሬ መጻፍ አልችልም። መብራት ጠፋ። ሲመጣ አስነሣሁት፤ ያው ኮምፒውተር፣ ያው መውደቅ፣ ሌላ ቁጥር። ደግሞ ጻፍሁ። ደግሞ መብራት ጠፋ። በክረምት የእኛ መብራት በቀን ስንቴ እንደሚጠፋ የሚያውቅ ያውቀዋል። በጠፋ ቁጥር አዲስ አድራሻ ይዞልኝ ይመጣል።

ጥፋቱን በዕቃው አላከክሁ። ዐሥራ አራቱንም ፈታሁ። የራሙን፣ የማኅደረ ትውስታ ካርዱን፣ እግር በላጲስ ጠረግሁ፤ ከአንዱ ነቅዬ ሌላው ላይ ሰካሁ። ፍልሰታ በዚህ አለቀች። ኪዳን ቆሜ እንኳ ቁጥሩ ይመጣብኝ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

በመጨረሻ ምክንያቱን በስልኬ አነበብሁ። እኛ በተማርንበት ዘመን ከርነል ሁልጊዜ አንድ የታወቀ ቦታ ላይ ይሰፍር ነበር። አሁን ግን በተነሣ ቁጥር በዕጣ ሌላ መነሻ ይመርጣል። መጀመሪያውንም አድራሻው ምናባዊ ነው፤ ከእውነተኛው ቦታ ጋር የሚያዛምደው ከርነሉ ራሱ ስለሆነ ማዛወር አይከብደውም። ይህን የሚያደርገው ሰርጎ የሚገባ ክፉ ሰው ምን የት እንዳለ አስቀድሞ እንዳያውቅ ነው። የሠሩት ሰዎች ደስ ይበላቸው። ሌባ እንዳያገኘው ብለው ባለቤቷም እንዳታገኘው አደረጉ። መፍትሔው ጋ ሳልደርስ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ልጄ ልትጠመቅ ወደ ደጅ ሮጠች። እኔ ደብተሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። አባቴ ለዘመን መለወጫ ቤተ ክርስቲያን የሚያውጁትን የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት እየቈጠሩ ነው፤ ዓይናቸው ስለደከመ ጸሐፊያቸው እኔ ነኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ጻፊ።»

«አባዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ያ ሣጥንሽ ዛሬም ቤቱ ጠፋበት? ዝናቡ ላይ አውጪው፤ ሩፋኤል ይፈውሰው!»

ልጄ ከደጅ ሆና ሳቀች። «እማዬ፣ እኔ ልሸከመው?»

ብስጭት አልሁ። ብዕሬን ግን አነሣሁ።

«ነነዌ የካቲት ዐሥራ አንድ ትገባለች» አሉ። «ዘንድሮ ጥር ሃያ አንድ ነበረች። ዐቢይ ጾም፣ ተውሳኩ ዐሥራ አራት፤ ጨምሪ።»

«የካቲት ሃያ አምስት።»

«የዘንድሮውስ?»

«የካቲት አምስት። የዘንድሮው ምን ያደርግልዎታል፣ አባዬ?»

«እንዳትሳሳቺ ነዋ! ነነዌ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ተውሳክ አይነቃነቅም። ነነዌን ከያዝሽ ሌላው ተከትሎ ይመጣል።»

ነነዌ ቀኗን ብትለውጥም ከእሷ እስከ እያንዳንዱ በዓል የሚቈጠረው ቀን፣ ተውሳኩ፣ አይለወጥም፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን እጄ ቆመ። ከርነሉም የሚዛወረው ተበታትኖ አይደለም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው።

ደብተሩን ሳብሁ። ከአንዱ ስክሪን ሁለት አድራሻ ወስጄ አንዱን ከሌላው ቀነስሁ። በሌላ ቀን ከጻፍሁትም እንዲሁ አደረግሁ። ልዩነቱ እኩል ነው። ከእያንዳንዱ ስክሪን ግርጌ ደግሞ ሁልጊዜ የገለበጥኋት፣ ልብ ብዬ ግን አንብቤያት የማላውቅ አንዲት መስመር አለች፤ ከርነሉ በዚያ መነሣት ምን ያህል እንደተዛወረ የምትናገር። ወር ሙሉ በእጄ ነበረች! በራሴ ላይ የተናደድሁትን ያህል በመብራቱም አልተናደድሁ።

«ሆሣዕና ቀረን» አሉ አባቴ።

«መጣሁ።»

«ሳትሄጂ ከየት ትመጫለሽ?»

ከእያንዳንዱ ቁጥር የተዛወረውን ቀንሼ ዝርዝሩን ገለጥሁ። ሁሉም አንድ ቦታ ወደቁ፤ የኔትወርክ ካርዱን የሚያሠራው ክፍል ላይ። ትምህርት ቤታችን እኮ ኔትወርክ የለውም! ያን ክፍል አውጥቼ ከርነሉን በላፕቶፔ እንደገና ማዘጋጀት ጀመርሁ። እስኪያልቅ ድረስ የአባቴን ቈጠራ እስከ ጰራቅሊጦስ ጻፍሁላቸው፤ ስጨርስ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

«ምን አገኘሽ?»

«ነነዌን» አልኋቸው።

በማግስቱ ከኪዳን በኋላ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ርዕሰ መምህሩ የኮምፒውተሮቹን ጠረጴዛ የሚነቅሉ ሁለት አናጢዎች ይዞ በር ላይ ቆሟል። ገብቼ አዲሱን ከርነል በፍላሽ እየዞርሁ ጫንሁ። ዘጠኙ ተነሥተው ጸንተው ሲሠሩ አየ። መብራት ጠፋ፤ መጣ፤ እንደገና ተነሡ።

«እትዬ፣ እንዲህ ቀላል ከነበረ ክረምቱን ሙሉ ምን ሲሠሩ ከረሙ?» አለኝ።

አናጢዎቹን ዘወር እንዲሉልኝ ለምኜ የቀሩት አምስቱ ላይ ጫንሁ።