ከጋቢና ወንበር ስር ያለው ቀይ መስመር

አያትሽ ጆሮው መክበድ የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም። ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ ቅዳሴው ራቀኝ አለ። ማይኩ ተበላሽቶ ነው ብሎ ቄሱን ሊናገር ሁሉ ነበር። ከዚያ ስጠራው ዝም ይለኝ ጀመር። እኔ ደግሞ አኩርፎ ነው ብዬ አኮርፋለሁ። ያለ ምንም ጥል ተኳርፈን የዋልንበት ቀን ስንት ነው!

ለሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደል፣ ያረጀ ሰው ጆሮው ይከብዳል። አያትሽ ግን መካኒክ ነው። መካኒክነቱ ደግሞ በጆሮው ነበር። ቤታችን ከማረሚያ ቤቱ መንገድ ገባ ብሎ አይደል? ከሩቅ አገር እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ አሮጌ መኪናው እዚህ ሰፈር ስታስቸግረው ወደ ግቢያችን ነበር የሚያመጣት። እሱም ገና መኪናዋን ሳያይ፣ ከአስፋልቱ ስትታጠፍ ሰምቷት፣ «ይቺ አንድ ካንዴላዋ አይሰራም» ይላል። ሲከፍቷት እውነትም አንዱ ካንዴላ ጠቁሮ ይገኛል። ሰዎቹ የምግብ ፌስታላቸውን እንደያዙ አፋቸውን ይከፍታሉ።

ጆሮው ሲሄድ ሰዉም ቀረ። ማንም አልተናገረውም። ብቻ ቀረ።

አባትሽም ቀረ። ይሄንንም ጻፊው፣ አባቴ ነው ብለሽ እንዳታልፊው። ያኔም እንደ አሁኑ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልስበትን ሚኒባስ ነበር የሚነዳው። ድሮ ትንሽ ነገር ከሆነች ወደ አባቱ ያመጣታል። በኋላ ዘይት እንኳን ሌላ ቦታ ማስቀየር ጀመረ። አያትሽ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ግን ሚኒባሷ በራችን ላይ ስትቆም ጎንበስ ብሎ ከስሯ ያያል። ሌላ ሰው ያሰረው አዲስ ብሎን ካየ ፊቱ ይጠቁራል። እኔ አላየሁም ብዬ እገባለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሠራተኞቹን አድርሶ ሲመለስ፣ አባትሽ ሚኒባሷን ግቢ አስገባትና «አባዬ፣ እስቲ እያት» አለው።

አያትሽ ቱታውን ለበሰ። አጥቤ አጣጥፌ ያስቀመጥኩት፣ ከታጠበ ወዲህ ሰውነቱ ላይ ያልወጣ ቱታ። ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

«ምን ሆነች?»

«ስቆም ሚኒሞዋ አይረጋም! ከፍ ትላለች፣ ዝቅ ትላለች፣ ከዚያ ድፍት ብላ ትጠፋለች! ነዳጅ ስሰጣት ደግሞ ታመነታለች!» አባትሽ ይጮሃል፣ እንዲሰማው ብሎ።

«አትጩህብኝ፣ ሰምቻለሁ። ሂድ ተኛ አንተ።»

አባትሽ ከሰዓት ፈረቃ እስኪደርስ ሊተኛ ወደ ውስጥ ገባ። አያትሽ ልጁ በሩን እስኪዘጋ ጠበቀና ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?» አለኝ።

ነገርኩት። ሚኒሞ ማለት መኪና ቆማ፣ እግር ሳይረግጣት፣ በራሷ የምትተነፍሰው ነው። ይሄን ስንት ዘመን ስሰማ ኖሬ አጣሁት እንዴ?

የጋቢናውን ወንበር አነሳ። ሚኒባስ ሞተሩ ከዚያ ስር ነው፣ ጋቢና ለተቀመጠ ሰው ወንበሩ የሚግልበት ለዚህ ነው። ወንበሩን ሲያነሳም ሲመልስም አይወረውረውም። ሌሎቹ ጓ! አርገው ይለቁታል፣ እሱ በሁለት እጁ ይዞ እንደተኛ ልጅ ነው የሚያሳርፈው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ነይ እዚህ ቁሚ።»

«ምን ልሰራ?»

«ቁሚ አልኩሽ፣ ጥላ ሁኚኝ። ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችው።»

ሰማዩ ደመና ነው። ፀሐይ ከየት መጣች? ግን ቆምኩ። ሞተሩን አስነሳና ወደ እኔ ሳያይ፣ «እ? ምን ትላለች?» አለኝ።

«ማን?»

«መኪናዋ ነቻ!»

ያኔ ገባኝ። ጥላ አይደለም የፈለገው፣ ጆሮዬን ነው።

ከመንካቱ በፊት ያንቺን ቀይ የጥፍር ቀለም አምጪ አለኝ። ያ እኛ ቤት ረስተሽው የሄድሽው፣ በኋላ አገር ይያዝልኝ ብለሽ የፈለግሽው። ሌባው አያትሽ ነው። ልማዱ ነበር፣ አንድ ነገር ከመፍታቱ በፊት የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያደርግበታል። ድሮ በሚስማር ይጭራል፣ የጥፍር ቀለም ግን ዘይትም ቤንዚንም ቶሎ አያስለቅቀውም ይላል።

መጀመሪያ ኮምፒውተር ያልነበራቸው የካርቡራቶር መኪኖች ልማድ ቀደመው። ያኔ ሞተር አልረጋ ሲል አንዲት ብሎን በካቻቢቴ ጠበቅ ላላ ማድረግ ነው። እዚህችኛዋም ላይ ብሎን አገኘና አዞረ። ልጄ፣ መኪናዋ እሪ አለች።

«ጮኸች!» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ጮኸች፣ አገር ሰማ!»

ብሎኗን እስከ ምልክቷ መለሳትና ሞተሩን አጥፍቶ ዱካው ላይ ተቀመጠ። በቃ አቃተው ብዬ ልቤ ሲፈራ፣ ተነስቶ የአየሩን ላስቲክ በጣቱ ዳሰሰ፣ የተቀደደ ነገር አላገኘም። ገመዶቹን ነቅሎ ጠረጋቸው፣ መልሶ ሰካቸው። ከዚያ ያቺን አሮጌ የኤሌክትሪክ ቴስተሩን አወጣ፣ መርፌ ያላትን። ገመዶቿን አንዲት ጥቁር ትንሽ ዕቃ ላይ ሰካና፣ ነዳጅ መስጫውን በእጁ ቀስ፣ ቀስ አርጎ ሳበ። ዓይኑ መርፌዋ ላይ ነው። መርፌዋ ከታች እስከ ላይ ወጣች።

«አየሽ? ሳትዘል ወጣች። ብትዘል ኖሮ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነበር። ሴንሰሩ አልሞተም፣ ቦታውን ለቆ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«ሾፌሩ ነዳጁን ምን ያህል እንደረገጠ ለኮምፒውተሯ የሚናገር ነው። እግር ሳይረግጥ ተረገጠ እያለ ይነግራታል። እሷም ተደናግራ አንዴ ትሮጣለች አንዴ ትቆማለች።»

«ወሬ አቀባይ ነዋ!»

«እንዳንቺ ጎረቤት!» ብሎ ሳቀ። ጥርሱን ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ሞተሩን አስነስቶ እስኪግል አልጠበቀም፣ ቸኩሏል። የሴንሰሩን ሁለት ብሎን ላላ አረገና፣ በካቻቢቴው እጀታ መታ፣ መታ እያረገ ያዞረው ጀመር። ፀጉር ታህል ነው የሚያዞረው።

«እ?»

«ትንጠራራለች።»

«እንዴት? እንደ ድመት ነው እንደ ሰካራም?»

«እንደ ሰካራም።»

«እ? አሁንስ?»

«ሳል ያዛት።»

«አሁን?»

«ሳሉ ለቀቃት። ግን ትንፋሿ ይቆራረጣል።»

እንዲህ እያልን ቆየን። ወገቤ ተቆረጠ፣ እሱ አይደክመው። በኋላ አንዴ መታ ሲያደርጋት ዝም አልኩ።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«እሷም ዝም አለቻ። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ፣ ወጥ ሆነች።»

መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ብሎኖቹን አጠበቀና፣ በቀዩ ቀለም ከብሎኗ አናት ጀምሮ እስከ ሴንሰሩ ድረስ አንድ መስመር አሰመረ። መስመሩ ካልተሰበረ ማንም አልነካውም ማለት ነው።

አባትሽ መጥቶ ሲያስነሳት አልተደፋችም። «አባዬ፣ አንተ እኮ ሌላ ነህ!» ብሎ ትከሻውን ሳመው። አያትሽ ይህንን ምን አለ ብሎ አልጠየቀኝም። ከከንፈሩ አንብቦታል። የዚያን ቀን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ «ልጄ ሚኒባሱን አምጥቶልኝ ሠራሁለት» ይል ነበር። ቱታውን ለእጥበት አልሰጥም አለኝ፣ ነገም እለብሰዋለሁ ብሎ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አባትሽ በር ላይ ጠራኝ። አያትሽ ጓሮ ነው።

«እማዬ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው። ማሳለጫው ላይ ድፍት አለችብኝ። ከኋላዬ ሲኖትራኩ ጡሩምባውን ያንባርቃል፣ ውስጥ ሠራተኞቹ ይጮሃሉ። ሞተሩ ሲግል ነው የሚብስባት። ሳሪስ ጋራዥ ወስጄ በኮምፒውተር አስተካከሉልኝ።»

«አባትህ የሠራው ልክ አልነበረም አሉህ?»

«ትንሽ ነው የቀረው አሉኝ። በጣም ትንሽ። ግን እማዬ፣ ሰው ነው የምጭነው።»

ምን እለዋለሁ? እውነቱን ነው። «አልነግረውም» አልኩት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በሚኒባሷ አመጣን። አያትሽ ጋቢና ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። ግቢ ስንደርስ አባትሽ ሞተሩን ሳያጠፋ ውሃ ልጠጣ፣ ጉርሻም ልጉረስ ብሎ ሮጦ ገባ። እኔ ስወርድ አያትሽ አልወረደም። ሁለት መዳፉን በጎንና በጎኑ ወንበሩ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ሌላ ናት» አለ።

«ምኗ?»

«አረማመዷ።»

ያን ቀን እኔም ደንቆሮ ሆንኩ። ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ። እሱ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ወንበሩን አነሳ። እኔም አየሁት፣ መደበቂያ የለውም። ቀዩ መስመር ተሰብሯል። ግማሹ ብሎኗ አናት ላይ፣ ግማሹ ሴንሰሩ ላይ። አይገናኙም።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየው፣ አየው፣ አየው። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ታውቂ ነበር?» አለኝ።

ጆሮው ድረስ ጎንበስ ብዬ «አውቅ ነበር» አልኩት።

«ጥሩ አርገው ሠርተውታል» አለ። «ከመቀመጫው ይታወቃል። ለኔ ትንሽ ቀርታኝ ነበር።»

ከሳጥኑ ቀዩን ቀለም አምጪልኝ አለኝ። አመጣሁለት። የድሮውን መስመር ጥፍሩ እስኪላጥ ድረስ ቤንዚን በነካ ጨርቅ አሸው፣ እስኪጠፋ። ከዚያ አሁን ባለበት ላይ፣ እነዚያ ባሰሩት ላይ፣ አዲስ መስመር አሰመረ። እፍ እፍ አለበት።

«ለምን ደከምክ? ያንተ ሥራ አይደል» አልኩት፣ ተናድጄ ነው መሰለኝ።

«ትክክለኛ ቦታው ይሄ ነው። ሌላ ቀን ቢፈታ መመለሻው ይታወቅ፣ ልጁ መንገድ ላይ እንዳይቸገር።» ወንበሩን በሁለት እጁ አሳረፈው። «እንዳየሁ እንዳትነግሪው። ያፍራል።»

አባትሽ አፉን እየጠረገ ወጣ። «ደህና ናት አባዬ?» አለ፣ እየጮኸ። አያትሽ «ደህና ናት» አለው።

ከዚያ ወዲህ የዕቃ ሳጥኑን አልከፈተም። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ፣ እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ፣ መኪናውን እስከ በራችን ገፍቶ፣ «ጋሼ፣ አንቱ ጎበዝ ነዎት ብለውኝ ነው» አለው። አያትሽ ሰውየውን አየው፣ እኔን አየኝ። ምን አለ እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም። እጁን ወደ ዋናው መንገድ ዘረጋና «ከዚያ ማዶ ወጣቶች አሉ» አለው። ቱታውን ሳይታጠብ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ክረምቱን ሁሉ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አያየውም፣ አይሰማውም። ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ሲመጣ ይስቅለታል። እኔ መሃል ነኝ፣ የአንዱንም የሌላውንም ይዤ። አንድ ቃል ብናገር አንዱ ይሰበራል። ክረምቱ ሳይወጣ አያትሽ አረፈ።

ከአርባው በኋላ አባትሽ እዚሁ ግቢ ውሃ ሊሞላላት ወንበሩን አነሳ። እኔ ልብስ አሰጣለሁ። ቆይቶ ቆይቶ ውሃው ሲፈስ አልሰማሁም። ዞር ስል ጀሪካኑን እንደያዘ ቆሟል።

«እማዬ፣ ይሄን ማን ነው ያሰመረው?»

እርጥቡን ልብስ ጨመቅኩት።

«ሳሪስ ሲፈቱት ተሰብሮ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ለሁለት ሰው ቃል ገብቼ ነበር። አንዱን ቀብረነዋል።

«አባትህ ነው» አልኩት።

«መቼ?»

«የዚያን እሁድ፣ ውሃ ልትጠጣ ስትገባ።»

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠው። ጀርባውን ነው የሰጠኝ፣ ፊቱን አላየሁትም።

«ምን አለ?»

«ጥሩ አርገው ሠርተውታል አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ፈረቃው ደርሶ ስልኩ ይጮሃል፣ አያነሳውም። በኋላ ውሃውን ሞላ፣ ክዳኑን አጠበቀ። አባትሽ ወንበሩን ሁልጊዜ ጓ! አርጎ ነበር የሚለቀው፣ አያትሽ ስንቴ ተቆጥቶታል። ያን ቀን በሁለት እጁ ያዘና፣ ቀስ አርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ አሳረፈው።