የልጄ ጥናትና ሁለት ጆንያ እህል

1975 ዓ.ም. ነው፤ የአርባ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። ናዝሬት ውስጥ ጋሪ እነዳለሁ፤ ከአውቶቡስ ተራ ሰው፣ ከእህል ተራ ጆንያ እጭናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም ጺሜ መሸበት ከጀመረ ወዲያ። ጽሑፌ ቢንጋደድ አይሳቅብኝ፤ የሚስቅም ካለ ይሳቅ።

አንዲት ልጅ አለችኝ። እናቷ ከሞተች በኋላ ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነበረች፣ የመጨረሻ ዓመቷ። ለመመረቅ አንድ ጥናት ጽፋ ማስረከብ አለባት፦ የናዝሬት የእህል ገበያ። እህሉ ከየት ይመጣል፣ ማን ይገዛዋል፣ በስንት ይሸጣል። ያለዚያ ምርቃት የለም አለችኝ። ለዚሁ ብላ ቤት መጣች።

መጀመሪያ የሄድነው መንግሥት እህል ወደሚገዛበት መሥሪያ ቤት ነው። ሰውየው ከትምህርት ቤቷ ያመጣችውን ደብዳቤ ገለባብጦ ማኅተሙን አየና፣

«ከበላይ ፈቃድ አምጪ» አላት።

«ባለፈው ዓመት ምን ያህል ስንዴ እንደገባ ብቻ ነው የምጠይቀው።»

«እሱ መረጃ ነው። መረጃ ለማንም አይሰጥም።»

በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። «ስንዴ ከመቼ ወዲህ ነው ምስጢር የሆነው?» ብዬ ልገባ ስል ክንዴን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የመንግሥት ዋጋ ግን ገልብጣ ነበር።

ከዚያ ገበያ ወጣን። በጋሪዬ ከመጋዘን መጋዘን አዞርኳት። ካኪ ኮት ለብሳለች፤ ከኅብረት ሱቅ የገዛሁላት ነው፣ ሌላ ቀለም አልነበረም። በብብቷ የካርቶን ፋይል፣ በእጇ እስክሪብቶ። እኔ አላሰብኩትም እንጂ እንዲያ ሆኖ የሚመጣው ዋጋ ተቆጣጣሪ ነው። ነጋዴው ሁሉ ሲያያት ተነስቶ ወንበር ይሰጣታል። «ጤፍ በስንት ነው?» ስትለው የግድግዳውን ዋጋ ይነግራታል። «አለዎት?» ስትለው «የለኝም፣ ካየሁትም ቆየሁ» ይላል። የጤፉ ብናኝ ግን ቅንድቡ ላይ አለ። ሁሉም ጋ አንድ ዋጋ፣ አንድ መልስ።

«አባዬ፣ ይሄ ጥናት አይደለም» አለችኝ ስንመለስ። «የቢሮ ግድግዳ ግልባጭ ነው።»

በማግስቱ ለፈረሴ ገለባ ላወጣ ስነሳ ደጃፌ ላይ ጆንያ ተጋድሟል። ዳሰስኩት፤ ጤፍ ነው። በሌላው ቀን አንድ ጆንያ ሽንብራ ተጨመረ። ያኔ ገባኝ። የፈሩት እኛን ነው። ጉቦ ነው።

የዛሬ ሰው ሲሰማው እሰየው ይል ይሆናል። ያን ጊዜ ከቀለብ ያለፈ እህል ቤቱ የተገኘበት ሰው አሻጥረኛ ነው። እኛ መንደር አንድ ማሽላ ነጋዴ ነበር። ጓዳው ውስጥ እህል አገኘን ብለው ወሰዱት። ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ቆይታ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጪ» ተባለች። በቃ፣ ሌላ ነገር አልተነገራትም።

ጆንያዎቹ የማን እንደሆኑ አውቃለሁ። እያንዳንዱ መጋዘን የጆንያ አፍ የሚሰፋበት የራሱ አሰፋፍ አለው። በሰማያዊ ሲባጎ በድርቡ የሚያሰፉት አንድ ሰው ናቸው፤ ብዙ ዓመት የጫንኩላቸው የአርሲ ሰው፣ ሐጂ እንላቸዋለን። ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ጆንያዎችዎን ልመልስ ነው።»

«የምን ጆንያ? እኔ ጆንያ የለኝም።»

«ሲባጎው የእርስዎ ነው።»

መዝጊያውን ገፋ አደረጉት። «ያ ረቢ! አንተ ሰውዬ ልታስገድለኝ ነው? የእኔ ነው ካልኩ በየት ኬላ አሳለፍከው ይሉኛል። አልበቃችሁም? ልጨምር?»

«ልጄ ናት እኮ ሐጂ። ተማሪ ናት።»

«አምና መጋዘን ያሸገብን ሰውዬም ለጥናት ነው የመጣሁት ብሎ ነው የገባው።» ከፍ ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ልጅህ ከሆነችማ የባሰ ነው። ስንት ዓመት ምን እንደጫንክ ታውቃለህ። ሂድ ወንድሜ። ከእንግዲህ እኔ ደጅ ጋሪ አታቁም።»

ወሬው እህል ተራን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የሚያስጭነኝ ጠፋ። ፈረሴና እኔ ፀሐይ ላይ ቆመን እንውላለን።

ልጄ ግን ጆንያዎቹን ባየች ቁጥር ዓይኗ ይበራል። «ጥናቱ እኮ ይሄ ነው አባዬ! የለም የተባለ ጤፍ ደጃችን ላይ ተኝቷል። ከየት መጣ፣ በስንት ተገዛ፣ ይሄን ብጽፍ...»

«ከማን ሰማሽው ሲሉሽ ማንን ትጠሪያለሽ?»

«ስም አልጽፍም።»

«አስተማሪሽ አንብቦ ለማን ይሰጠዋል?»

«አላውቅም» አለች።

በዚያው ቀን አብዮት ጥበቃዎች ከእኛ በላይ ያለውን የቤት መደዳ ሲፈትሹ ዋሉ፤ እኛ ጋ ሳይደርሱ መሸባቸው። ነገ የእኛ ተራ ነው። ማታ ልጄን አስቀምጬ፣ «ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ትሄጃለሽ» አልኳት። «ጆንያዎቹን እኔ ራሴ ቀበሌ አስረክባለሁ። ደጄ ተጥለው አገኘሁ፣ የማን እንደሆኑ አላውቅም እላለሁ።»

«ካላመኑህስ?»

«አለማመን የእነሱ ሥራ ነው።»

ኩራዙን ወደ ራሷ አስጠጋች። ከዚያ ፋይሏን ከፈተች፣ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እሺ፣ አንተ ንገረኝ። ከአርሲ፣ ከአቦምሳ የሚመጣውን እህል የምትጭነው አንተ ነህ። ነጋዴዎቹ ሲዋዋሉ ትሰማለህ። ጤፍ ኩንታሉ በስንት ነው የሚሸጠው? አባቴ ነህ፣ አንተ እንኳ ንገረኝ።»

አውቀዋለሁ። የዚያን ሳምንቱንም፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም።

የግድግዳውን ዋጋ ነገርኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ረዥም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አጎንብሳ ጻፈችው። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ከዚያ ወዲህም እስከ ዛሬ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። በዚያ ጽሑፍ ጥሩ ነጥብ አግኝታ መመረቋን የሰማሁት ከሰው ነው። ዛሬም ያ ሌሊት ተመልሶ ቢመጣ የምነግራት ያንኑ ዋጋ ነው።

ሲነጋ ሰማያዊውን ሲባጎ ከሁለቱም ጆንያ አፍ በቢላ ቆርጬ አወጣሁና ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። በራሴ የጋሪ ገመድ እንደነገሩ ሰፋኋቸው። ልጄን አውቶቡስ ተራ አደረስኳት፤ ካኪ ኮቷን አልለበሰችም፣ ጠቅልላ ክንዷ ላይ ይዛዋለች። ስትሳፈር ዞር አላለችም። ቤት ተመልሼ ጆንያዎቹን ጋሪው ላይ ጫንኩ። ሸራ አላለበስኳቸውም። መንደርተኛው በየደጁ ቆሞ እያየኝ ፈረሴን ወደ ቀበሌ ነዳሁ።